ግራ ጉንጬ የተኛበት ክረምት

ሐሙስ ጠዋት

ጥርሴን ስቦርሽ ውሃው በግራ ከንፈሬ በኩል ወርዶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። በዚያ ጎን ተኝቼበት ደንዝዞ ነው ብዬ አሸት አሸት አደረግኩት። ሻዩም ፈሰሰ። መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግ ስል ቀኙ ወደ ላይ ወጣ፣ ግራው ግን ወሬው እንዳልደረሰው ሰው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ባሌን ጠራሁት። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መጣ፣ አየኝና ከት ብሎ ሳቀ። "ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?" አለኝ። የቀለድኩ መስሎት ነው። አልፈርድበትም። እኔና እሱ ልጅ የለንም፣ ያለን ቀልድ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝም እንደዚያ ብዬ ነው የምመልሰው። ቆይቶ ሳቁ ደረቀ። "በቃ አሁን አስተካክይው" አለ።

"እምቢ አለኝ እኮ" አልኩት።

አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ነበር። ዛሬና ነገ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምርቃት ፎቶ አለብኝ፣ እንዴት ብዬ እቀራለሁ? ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩት። ፊት የትም አይሄድ።

አርብ፣ በጥድፊያ

ግራ ዓይኔ አይከደንም። አቧራ ይገባበታል፣ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። በግራ ጆሮዬ ድምፅ ሁሉ ይጮህብኛል፣ የልጆቹ ጫጫታ ጭንቅላቴን ሊከፍለው ነው። አንዲት ሚጢጢ ልጅ ጋውኗን እንደለበሰች አየችኝና አለቀሰች። አስተማሪዋ "ካሜራ ፈርታ ነው" አለች። ካሜራውን ገና አላነሳሁትም ነበር።

ነገ ሐኪም ቤት።

ቅዳሜ ማታ

ከቤት ስንወጣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ያዘችን። "ውይ በሞትኩት! ነፋስ እኮ ነው የመታት!" አለችና ወደ ባሌ ዞረች። "መስኮት ከፍተህ ስታንሸራሽራት ከርመህ!" ባሌ ታክሲ ነው የሚነዳው። ማታ ማታ ከፎቶ ስቱዲዮዬ ሲወስደኝ መስኮቱን እስከ ታች ከፍቶ መንዳት ይወዳል። የመኪናውን በር ከፈተልኝ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። "ቅንድብ ወደ ላይ" አለኝ። "ዓይን ጭፍን። ጉንጭ ንፍት። ጥርስ።" ሁሉንም በግማሽ ታዘዝኩ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጉንጬ ላይ አሳረፈው፤ የእጁ አንጓ ከጆሮዬ ሥር፣ ጣቶቹ ፊቴ ላይ ተበትነው። "ነርቩ እንዲህ ነው" አለ። "ከአንጎል ተነስቶ ከጆሮ ጀርባ ባለች ጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ይሾልክና እንደ አምስት ጣት ይበተናል። አንዱ ለግንባር፣ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለጉንጭ፣ አንዱ ለከንፈር፣ አንዱ ለአንገት። አሁን እዚያች ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ አብጧል። አጥንት ደግሞ አይለጠጥለትም፤ ታንቆ ቀርቷል።"

የክንድና የእግር ጡንቻ ከአጥንት አጥንት ነው የሚታሰረው አለኝ። የፊት ጡንቻ ግን አብዛኛው ቆዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ሽቅብ ሲስበው ሳቅ፣ ቁልቁል ሲስበው ኀዘን። ደስ የሚል ትምህርት ነበር፣ የሌላ ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ።

"መድኃኒቱ በቶሎ ሲጀመር ነው ጥሩ የሚሆነው፤ ሐሙስ ዕለት ብትመጪ ይሻል ነበር" አለ። ባሌ አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

"ይመለሳል?" አልኩት።

"አብዛኛው ሰው ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። አንዳንዱ በከፊል።" እስክሪብቶውን ከደነ።

ባሌ ጉሮሮውን ጠራረገና "ዶክተር፣ ነፋስ ነው እንዴ? የመኪና መስኮት?" አለው። "አይመስለኝም" አለ ሐኪሙ። ይሄ መልስ ባሌን የጠቀመው አልመሰለኝም።

ስንመለስ የመኪናውን መስኮቶች ሁሉ ዘጋቸው። በዚያ ሙቀት! አላፊ አግዳሚው እንዳያየኝ ነው መሰለኝ። ገና ካሁኑ አፈረብኝ። አሁን ግራ ዓይኔን በፕላስተር ለጥፌ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። ወይ ጉድ።

እኔ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ደንበኛን "ሳቅ" ብዬ አላውቅም። ሳቅ የተባለ ሰው ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም፤ ሳቁ ከአፍንጫው በታች ይቀራል፣ ዓይኑ ጋ አይደርስም። የእኔ ዘዴ ሌላ ነው። ካሜራውን ከፊቴ ዝቅ አደርግና እኔው እስቅለታለሁ። ሰው ሳያውቀው ያየውን ፊት ይለብሳል። ልክ ሲለብሰው የካሜራውን ቁልፍ እጫናለሁ። እንጀራዬ ይሄው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለኝም።

ዛሬ ከሰዓት ፎቶ የምታስተካክልልኝ ሴት፣ ኤዲተሯ ነው የምላት፣ ኮምፒዩተሯ ላይ የጠዋቱን ሰዎች ደርድራ ጠራችኝ። "አንቺ፣ እነዚህ ሁሉ ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። አየሁ። ባልና ሚስቱ፣ ጡረተኛው፣ ሁለቱ እህትማማቾች፣ ሁሉም አፋቸውን ባንድ በኩል ብቻ ሳብ አድርገዋል። የእኔን ፊት ለብሰውት ነው። ኤዲተሯ ከአፏ እንደወጣ ነገሩ ገባትና ከንፈሯን ነከሰች።

"ማሽኑ ነው" አልኳት።

"አዎ፣ ማሽኑ ነው" አለች።

እሁድ

ወንድምጋሼ ጋ ሄድን። የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ አናጺነት ተቀጥረው እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ልባቸው ደክሞ ከወንበር አይነሱም። አፋቸው ግን አልደከመም።

ሁሉም ሰው ሲያወራኝ ወይ ግንባሬን ወይ ቀኝ ጎኔን ነው የሚያየው። ወንድምጋሼ ግራ ጉንጬን ትክ ብለው አዩትና "ሙሽሪት፣ ዛሬ በየትኛው በኩል ነው የምትስቂው?" አሉኝ። ከተጋባን ስንት ዘመናችን፣ ለእሳቸው ግን አሁንም ሙሽሪት ነኝ። ሳቄ ፈነዳ። የያዝኩት ውሃ በግራ በኩል ወጥቶ ቀሚሴን አበሰበሰው። "ቧንቧውን ዝጊው እንጂ!" አሉ። ከሐሙስ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም።

ባሌ አልሳቀም። ጨርቅ አምጥቶ ሰጠኝና መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

ልንወጣ ስንል ወንድምጋሼ እጄን ያዙኝ። "አንድ ደህና ፎቶ አንሺኝ። ቤተሰባችን ውስጥ ፎቶ አንሺ እያለች እኔ ከመታወቂያዬ ሌላ ፊት የለኝም።" አንጀቴን በሉኝ። ግን በዚህ ፊት እንዴት አድርጌ? የእሳቸውን ሳቅ አጣምሜ ላስቀር?

"ፊቴ ይመለስና፣ አንደኛ አድርጌ አነሳዎታለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ቶሎ በይው። እኔ ቀጠሮ አክባሪ አይደለሁም።"

ረቡዕ

ዝናብ። ባሌ መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ የፊቱን በር አልፌ ከኋላ ገባሁ። ከፊት ስቀመጥ ለእሱ የሚታየው ግራ ጎኔ ነው። ያን ሬሳ እያየ ለምን ይነዳል ብዬ ነው።

"ደንበኛ ሆንሽብኝ እንዴ?" አለ።

"ዝም ብለህ ንዳ ሹፌር፣ ቸኩያለሁ" አልኩት። ቀልዴን ነበር! በድሮው ፊቴ ቢሆን ግራ ጉንጬ ትንሽ ስርጉድ ትላለች፣ እሱም ያያትና ይስቃል፤ ኮስተር ብዬ የምናገረውን ሁሉ ቀልድ የምታደርገው እሷ ነበረች። በመስታወቱ አየኝ። ፊቱ ጨለመ። "እሺ እመቤት" አለና የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳ።

"ቀልዴን ነው" ብዬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቀልዴን ነው ተብሎ የሚነገር ቀልድ ምን ቀልድ ነው? ተውኩት።

ሰኞ

ሐኪሙ የላከኝ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ጀመርኩ። ኮስታራ ሴት ናት፣ ወድጃታለሁ። ትንሽ መስታወት ሰጥታኝ ከንፈሬን በጣት እየደገፍኩ ቀስ ብዬ እንዳንቀሳቅስ አሳየችኝ። "በትንሹ፣ በቀስታ፣ ጠዋት አምስት ደቂቃ ማታ አምስት ደቂቃ" አለች። "ፊት እግር አይደለም፣ በጉልበት አይሆንም። ዓይንና አፍ አንድ ላይ አይግፉ። ከገፉት ይበላሻል።"

አምስት ደቂቃ! እንጀራዬ በፊቴ የተንጠለጠለ ሰው አምስት ደቂቃ ምን ይበቃኛል?

ሐሙስ

ስቱዲዮ። ደንበኛ ሲጠፋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ዓይኔን ጨምቄ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አፌን እስካንገቴ ስቤ እገፋለሁ። ላብ በላብ እስክሆን። ዛሬ ኤዲተሯ "ምን እያማጥሽ ነው እዚያ ውስጥ?" አለችኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ብታየኝ ትገለኛለች። ግን የሠራ ያገኛል አይደል? ቶሎ ከተመለሰ ወንድምጋሼን እሁድ አነሳለሁ፣ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ

ምንም የለም። እንጨት።

ባሌ አምሽቶ ነው የሚገባው። ሥራ በዝቶበት ነው። በዝናብ ጊዜ ታክሲ ይፈለጋል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሲገባም ቴሌቪዥኑ ፊት ነው የሚበላው። ወንበሬን ግድግዳው ጋ አስጠግቼ ግራዬን ከሱ አዙሬ ስለምቀመጥ ምናልባት የማላወራው መስሎት ይሆናል። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ማስረዳት እኮ አልለመድንም። እኛ ተያይተን ነው የምንግባባው።

ዛሬ ሾርባ ሲያቀርብልኝ "ያን ሰሞን መስኮቱን ብዘጋው ኖሮ..." ብሎ ጀመረ። ደሜ ፈላ። "አሁንም መስኮት? ሌላ ወሬ የለህም?" አልኩት። ስለ መስኮት ማውራት ሆኗል ሥራው። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል የለውም። ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሾርባውን ራሱ ነበር የሠራው፣ በማንኪያ እንዲመቸኝ አጥልሎት። እሱን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

ማክሰኞ

ደረጃው ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ወንድምጋሼን ነው። "ምን ልበልዎት፣ ሳወራት ታየኛለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። በእኔ የፈረደች ይመስለኛል። ትፍረድ፣ መብቷ ነው፣ ብቻ ባፏ ትንገረኝ" አለ።

ፊቷ ላይ ምንም የለም። ይሄን በጆሮዬ ሰማሁ። ባዶ ፊት ሆንኩበት ማለት ነው። ሰልችቶታል። የቀረውን እንዳልሰማሁ ቆጠርኩት።

አርብ

አንዲት ደንበኛ ስቱዲዮው ድረስ ገብታ፣ አየችኝና "የስቱዲዮው ባለቤት የለችም?" አለች። "የለችም" አልኳት። ወጣች።

ኤዲተሯ ሰምታለች። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ታነሳለች፣ እኔ መብራት አስተካክላለሁ። እሷ ደግሞ "ሳቁ!" ብላ ነው የምትጮኸው። ይስቃሉ፣ ከአፍንጫቸው በታች። ማንም ልዩነቱን አላየም፣ ቅር ብሎት የተመለሰም የለም። ይሄ ነው እንግዲህ የኮራሁበት ሙያ።

ከወር በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት

ተነቃነቀ! ግራ ጉንጬ! አፍንጫዬ አጠገብ፣ እንደ ትንኝ ንዝር አለ። ደግሜ አደረግኩት። ንዝር!

ባሌን ጎትቼ ከእንቅልፉ አስነሳሁት። አፍንጫውን ፊቴ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረው። "እየው! እየው!" ስለው "ዝም በይ እስቲ፣ ስታወሪ እንዴት ልየው" አለ። ንዝር ሲል ጮኸ። አቅፎኝ አልጋው ላይ ወደቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ! "እመቤት፣ ዛሬ ከፊት ትቀመጫለሽ?" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "ሒሳብ ከተተወልኝ" አልኩት፣ ሳቀ። ፊቴን ሳያይ ነው የሳቀው፣ አንገቱ ሥር ገብቼ ነበር። ግን ሳቀ። ከፊት ተቀመጥኩ።

እሰይ። እሰይ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ

ዓይኔ ይከደናል። ፕላስተሩን ጣልኩት። ጉንጬ በየቀኑ ትንሽ ከፍ ይላል። ወንድምጋሼን ደወልኩላቸው፣ እሁድ አነሳዎታለሁ አልኳቸው። ድምፃቸው ደከም ብሏል። "ኮቴን ላስተኩስ?" አሉ። "ያስተኩሱ እንጂ" አልኳቸው።

ቅዳሜ ማታ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ይፈነዳል።

ዛሬ ለነገ ብዬ ኤዲተሯን ወንበር ላይ አስቀምጬ እንደ ድሮው ሳቅኩላት። ፊቷ ግራ ተጋባ። "አንቺ፣ ስትስቂ ግራ ዓይንሽ ይጠፋል። የጠቀሽኝ ነው የሚመስለው" አለችኝ። መስታወቱ ጋ ሄድኩ። እውነቷን ነው። አፌ ሲከፈት ዓይኔ ይዘጋል። ከዚያ የባሰውን አየሁ። ዓይኔን ስከድን ግራ አፌ ሽቅብ ይሳባል። ዝም ብዬ ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር ከንፈሬ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፈገግታ ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። ብቅ፣ ጥፍት። እብድ ነው የምመስለው።

ሮጬ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ ሄድኩ፣ ልትዘጋ ስትል ደረስኩባት። ጣቷን ጉንጬ ላይ አድርጋ ዓይኔን ብዙ ጊዜ አስከደነችኝ። "ነርቩ ሲያድግ መንገድ ስቷል" አለች። "ወደ ዓይን መሄድ የነበረበት ክር ወደ አፍ ሄዷል። አሁን ዓይንን ሲያዝዙ አፉም ይታዘዛል።" መቆጣጠር አይቻልም ወይ አልኳት። "በልምምድ ይለዝባል። እንደ ድሮው ግን..." አልጨረሰችውም። ከዚያ ቀና ብላ "በቀን ስንት ደቂቃ ነበር የሚሠሩት?" አለችኝ።

"አምስት" አልኳት።

አየችኝ። ፊት ማንበብ ሥራዋ ነው፣ በግማሽም ቢሆን።

በገዛ እጄ። ማንም አልነካኝም፣ በገዛ እጄ ነው። ምናለ አርፌ ብቀመጥ?

እሁድ

ለወንድምጋሼ ደወልኩና ትንሽ አሞኛል፣ የሚቀጥለው እሁድ ይሁን አልኳቸው። "ኮቱን ለብሼ ነው እኮ ያለሁት" አሉ። ከዚያ ቶሎ ብለው "ግድ የለም ሙሽሪት፣ እያወለቅን እንለብሰዋለን" አሉኝ።

ለባሌ ስለ ክሩ ነገርኩት። ዓይኔን ከድኜ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየኝና "ታዲያ መቼ እንደምትስቂ በምን አውቃለሁ?" አለ። ወንበሬን ወደ ግድግዳው መለስኩት።

መኪናው ውስጥ እንደገና ከኋላ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። እሱም ደንበኛ ሆንሽ አላለኝም።

አርብ

ወንድምጋሼ አረፉ። ትናንት።

ባሌ ቀትር ላይ ስቱዲዮ መጣ። መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አቁሞት፣ ከኋላው ጥሩምባ ይጮሃል። በሩ ላይ ቆሞ "ሄዱ" አለኝ። ሌላ አላለም። ቀርቤ ልይዘው ተነሳሁ፣ እንባዬ መጣ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፊቱን አየሁ። እንደዚያ ያለ ፊት በሕይወቴ አላየሁም። እኔን እያየ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት መስታወት ከጎኔ ነበር። ዞሬ አየሁ። በቀኜ እያለቀስኩ፣ በግራዬ እየሳቅኩ ነው። ጉንጬ ተነስቶ፣ ዓይኔ ጠብቦ፣ የድሮው ሳቄ፣ ለሰው ሁሉ የማውሰው ያ ደህናው ሳቄ። በዚህ ሁሉ ወር ስለምነው እምቢ ያለኝ!

"ነርቩ ነው" አልኩት። "ክሩ ነው፣ ነግሬህ አልነበር!"

"አውቃለሁ" አለ። "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።" ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና ወጣ።

ለቀብሩ ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው መታወቂያቸው ላይ ያለው ነው። ኤዲተሯ አተለቀችው። ጥርት አይልም፣ ከንፈራቸውም ግጥም ያለ ነው። የማላውቃቸው ሰውዬ። "ትንሽ ፈገግ ላስደርጋቸው? እችላለሁ" አለችኝ። "እንዳትነኪያቸው" አልኳት። በአንድ እሁድ ከእሳቸው ጋ ወንበር ስቤ፣ ጠማማም ቢሆን አንዴ ባነሳቸው ምን ነበረበት? እሳቸው ጠማማውን አይተውት ስቀው ነበር። እኔ ነኝ ያልወደድኩት።

ቅዳሜ፣ ከቀብር በፊት

ባሌ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፦ "አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰው ፊት አታልቅሺ። ዘመድ ሁሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ የሚያውቅ የለም። ለያንዳንዱ እየዞርኩ ነርቭ ነው ማለት አልችልም። ዛሬ አልችልም።"

"እሺ" አልኩት።

ወደ ቀብሩ የሚወስደን መኪና ጥሩምባ እየነፋ ነው።

ቅዳሜ ማታ

አላለቀስኩም።

ሳጥኑ ሲወርድ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። እንባው ሲመጣ ዓይኔን መጨፈን የለብኝም፣ ሚስጥሩ እሱ ነው። ዓይኔን አፍጥጬ፣ ነፋሱ እስኪያደርቀው ያዝኩት። ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩት። ባሌ ከፊቴ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ ሌሎች ሰዎች ያዙት። እኔ ብጠጋ እንባዬ እንደሚያመልጠኝ ስለማውቅ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ቤት ስንመለስ ወንበሮቹ ሞልተው ነበር። እኔ ጥግ ላይ ሻይ አቀርባለሁ። ሁለት ሴቶች፣ በባሌ በኩል ዘመዶች ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። ግራ ጆሮዬ አሁንም ሁሉን ያጎላል።

"አንዲት ዘለላ እንባ እንኳን! እንደ አባት አይደል ያዩዋት የነበረው?"

"ድንጋይ ናት እኮ። ፊቷን አላየሽውም? ምንም የለበትም።"

ቀና ስል ባሌን አየሁት። ከሴቶቹ ጀርባ ቆሞ ነበር፣ ብርጭቆ ይዞ። ሰምቷል። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃኝ ነበር። "ታማ ነው" ቢል። ጠበቅኩት። ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ወንዶቹ ሄደ። አልፈርድበትም። ዛሬ አልችልም ብሎኝ የለ።

ረቡዕ ጠዋት

ሰዉ ሁሉ ሄደ። ትናንት ማታ ወንበሮቹን ሰብስበን ስንጨርስ ባሌ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል። ግንባሬን እያየ ነው የሚያወራኝ፤ እንደ ሁሉም ሰው።

"አመሰግናለሁ" አለኝ። "ስላላለቀስሽ።"

እኛ ቤት ምስጋና አልነበረም። ካፖርቱን ሳቀብለው "እጅሽ አይሰበር፣ ገና ብዙ ሥራ አለው" ነው የሚለኝ፣ እኔም "ያንተ ይሰበር" ነው የምለው። እንዲህ ነበር የኖርነው። ትናንት ግን እንደ እንግዳ ሰው አመሰገነኝ፣ ከልቡ። የሚያስከፋኝን አንድም ቃል አልተናገረም።

"ምንም አይደል" አልኩት።

ዛሬ በጠዋት ወደ ሥራ ሄደ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ የሚያየኝ የለም። ስንት ቀን ሙሉ የያዝኩትን ለወንድምጋሼ ላልቅስ ብዬ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉንጬ ተነሳ፣ ግራ ከንፈሬ ሲሳብ ተሰማኝ።

እንባው አልመጣም።